ሊጉን አንድ ሰው አልገደለውም

ስለ ዩኤስኤፍኤል በተነሳ ቁጥር ወሬው የሚያልቀው በአንድ ሰው ስም ነው። ታሪኩ እንዲህ ይነገራል። ኃያሉ ኤንኤፍኤል በሚያርፍባቸው የጸደይ ወራት የሚጫወት፣ ተመልካችም ቴሌቪዥንም ያገኘ ጥሩ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ የኒው ጀርዚ ጄነራልስን ገዝተው ገቡ። ጨዋታውን ወደ መኸር አዙረን ከኤንኤፍኤል ጋር ፊት ለፊት እንግጠም ብለው ሌሎቹን ባለቤቶች አሳመኑ። ኤንኤፍኤል ተከሰሰ፤ ሦስት ዶላር ተፈረደ፤ ሊጉም በዚያው ተቀበረ። በ2009 ኢኤስፒኤን ያቀረበው ዘጋቢ ፊልም ገዳዩ ማን እንደሆነ በርዕሱ ጠይቆ ጣቱን የቀሰረው ወደ እሳቸው ነው። ሰውየው ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ደግሞ ታሪኩ የፖለቲካ መከራከሪያ ሆኖ በየመድረኩ ተደጋገመ፤ ዛሬ የሚጠራጠረው ሰው ጥቂት ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ግን አልቀበለውም። ትራምፕን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ ድርሻቸው ከባድ ነው፤ እሱንም አነሳዋለሁ። የምቃወመው ይህ ታሪክ ሌሎቹን ሁሉ ነጻ ስለሚያወጣ ነው። የሊጉ ባለቤቶች ራሳቸው ያጸደቁትን ዕቅድ መጣስ የጀመሩት የመጀመሪያው ጨዋታ ሳይደረግ ነው። ትራምፕ በሴፕቴምበር 1983 ቡድን ሲገዙ በሽታው ገብቶ ነበር። ከዚያም በላይ ታሪኩ የሚያውቀው ባለ ገንዘቦችን ብቻ ነው፤ ማን ከሰረ፣ ማን አሳተ፣ ማን ተከሰሰ። በዚያ ሊግ ሜዳ ላይ አጥንታቸውን ያስሰበሩ ሰዎች ምን አገኙ፣ ምን አጡ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሐሳቡ የዴቪድ ዲክሰን ነው። ዲክሰን የኒው ኦርሊንስ የሥነ ጥበብና የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ ነበሩ፤ በጸደይ የሚጫወት ሊግ የማቋቋም ሐሳብ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከእሳቸው ጋር ቆይቷል። ሜይ 11 ቀን 1982 ኒው ዮርክ ላይ 12 ቡድኖች ያሉት ሊግ ይፋ ሆነ። የዲክሰን ዕቅድ ጥበቡ በቁጠባው ላይ ነበር። ጨዋታው ከማርች እስከ ጁላይ፣ ኤንኤፍኤል በማይኖርበት ጊዜ ይሁን። የአንድ ቡድን የተጫዋቾች ደመወዝ በዓመት ከ1.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አይለፍ፤ ሕዝብ የሚስብ አንድ ሁለት ኮከብ ብቻ ከጣሪያው በላይ ይከፈለው። ባለቤቶቹም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ኪሳራ ችለው ለመቀመጥ አቅሙም ትዕግሥቱም ይኑራቸው።

ይህ ቁጠባ ከምን እንደመነጨ ለማየት የቴሌቪዥኑን ገንዘብ ማስላት ይበቃል። ኤቢሲ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለመክፈል የተዋዋለው 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለ12 ቡድን ሲካፈል ለእያንዳንዱ በዓመት 750,000 ዶላር ይደርሰዋል። ያን ጊዜ ገና አዲስ ጣቢያ የነበረው ኢኤስፒኤን ጥቂት ይጨምርበታል። በዚያው በ1982 ኤንኤፍኤል ከሦስቱ ታላላቅ ጣቢያዎች ጋር የተፈራረመው ውል ግን ለእያንዳንዱ ቡድን በዓመት 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስገኝ ነበር። ከእንዲህ ያለ ባለጸጋ ጋር በደመወዝ የሚፎካከር ሰው ገንዘቡን ከገዛ ኪሱ እያወጣ ነው የሚፎካከረው። ዲክሰን ይህን ያውቁ ነበር፤ ባለቤቶቹም ሲፈርሙ ተነግሯቸዋል።

ታዲያ ምን አደረጉ? ሊጉ የኮሌጅ ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ተጫዋቾችን ላለማስፈረም ደንብ ነበረው። በፌብሩዋሪ 1983፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጄነራልስ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲውን ኮከብ ኸርሼል ዎከርን አንድ ዓመት ትምህርት እየቀረው አስፈረመው። ዎከር በ1982 ለኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሀይዝማን ዋንጫ የወሰደ፣ በአገሩ ሁሉ ስሙ የሚጠራ ልጅ ነበር፤ ክፍያው በሦስት ዓመት አራት ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘገበ። የዚያን ጊዜ የጄነራልስ ባለቤት የኦክላሆማው የነዳጅ ባለሀብት ጄ. ዋልተር ደንከን ናቸው፤ ትራምፕ በአካባቢው አልነበሩም። የሊጉ አመራር ደንቡን ማስከበር ሲገባው ውሉን አጸደቀው። ዎከር ሕዝብ እንደሚያመጣ እሙን ነው፤ አመጣም። ነገር ግን ያን ቀን ባለቤቶቹ ሁሉ አንድ ነገር ተማሩ፤ ደንብ የሚጥስን ሰው የሚቀጣው የለም።

ትምህርቱንም ወዲያው ተጠቀሙበት። የሚሺጋን ፓንተርስ ባለቤት አልፍሬድ ታውብማን ቡድናቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲሸነፍ ከኤንኤፍኤል ልምድ ያላቸውን አጥቂ መስመር ተጫዋቾች በጥሩ ደመወዝ አምጥተው አሰለፉ። ቡድኑ ተነሳ፤ በጁላይ ወር ዴንቨር ላይ ፊላዴልፊያ ስታርስን 24 ለ22 አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። ሌሎቹ ባለቤቶች ከዚህ የወሰዱት ገንዘብ የረጨ ዋንጫ ይወስዳል የሚለውን ነው። የደመወዙ ጣሪያ የቆመው አንድ የውድድር ዘመን እንኳ አይሞላም።

የሚያሳዝነው ያ የመጀመሪያ ዓመት ጥሩ ዓመት መሆኑ ነው። በአንድ ጨዋታ በአማካይ 25,000 ገደማ ሰው ስታዲየም ገብቷል፤ የቴሌቪዥኑም ተመልካች ኤቢሲ ከጠበቀው በላይ ሆነ። ሚሺጋን ውስጥ ፓንተርስ ከኦክላንድ ጋር ለፍጻሜ ለማለፍ በተጫወተበት ቀን ከ60,000 በላይ ሰው በፖንቲያክ ሲልቨርዶም ተሰብስቦ ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ሜዳ ወርዶ የግቡን ምሰሶ አፈረሰው። የጸደይ ፉትቦል አይሸጥም የሚሉ ሰዎች ያን ቀን ቢያስታውሱ መልካም ነው። ሊጉ ያልጎደለውን ሕዝብ ጎደለው እያሉ ማውራት ውሸት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ስህተት ለእኔ ከሁሉም የከፋው ነው፤ የሚወራለት ግን በጣም በጥቂቱ ነው። ሊጉ ለሁለተኛው ዓመት ከ12 ወደ 18 ቡድን አደገ። ፒትስበርግ፣ ሂውስተን፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ሜምፊስ፣ ኦክላሆማና ጃክሰንቪል ገቡ፤ እያንዳንዱ አዲስ ገቢ በሚሊዮኖች የሚቆጠር የመግቢያ ክፍያ ከፈለ። በሩ የተከፈተው ትራምፕ ሳይገቡ ነው። ነባሮቹ ባለቤቶች በመጀመሪያው ዓመት የከሰሩትን በአዲሶቹ መግቢያ ሊሸፍኑ ፈለጉ። ሳሩን አይተው ገደሉን አላዩም። የኤቢሲ ገንዘብ ያው ነው፤ ለ12 ሲካፈል የነበረው ለ18 ሲካፈል የአንዱ ድርሻ ከ750,000 ወደ 500,000 ዶላር ወረደ። ደመወዙ ደግሞ በዚያው ክረምት ወደ ላይ ሸሸ። ወጪ በየአቅጣጫው እየጨመረ ገቢን በአንድ ሦስተኛ የሚቀንስ ውሳኔ እጅ አውጥቶ ያጸደቀ ጉባኤ ሌላ ገዳይ አያስፈልገውም። ዲክሰን ዕቅዳቸው ሲጣል አይተው ድርሻቸውን ሸጠው ወጡ።

የሎስ አንጀለስ ኤክስፕረስን ጉዳይ ቀረብ ብለን እንየው። የቡድኑ ባለቤት ዊልያም ኦልደንበርግ በ1984 የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲውን ኳርተርባክ (ጨዋታ መሪ ኳስ አቀባይ) ስቲቭ ያንግን በ40 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት ተብሎ አገር ጉድ አለ። አብዛኛው ገንዘብ ከአርባ ዓመት በላይ እየተቆራረጠ የሚከፈል ነበር፤ ቢሆንም በዚያ ዘመን በስፖርት ዓለም እንዲህ ያለ ውል አልታየም። ኦልደንበርግ አለኝ ያሉት ሀብት በእርግጥ መኖሩን ሊጉ አጣርቶ አልመረመረም። ዓመት ሳይሞላ ሰውየው መክፈል አቃታቸው፤ ቡድኑን ሊጉ ራሱ ተረከበውና ሌሎቹ ባለቤቶች እያዋጡ ያኖሩት ጀመር። በ1985 የመጨረሻው የሜዳቸው ጨዋታ ከታላቁ ኮሎሲየም ወጥቶ ፒርስ በሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሜዳ ላይ ተደረገ። ወደዚያ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ሾፌር ገንዘቤን በእጄ ካላየሁ አልነዳም አለ፤ እዚያው ተዋጥቶ ተከፈለውና ሄዱ። ተጎድቶ የወጣውን የሚተካ ሰው ስላልነበረ፣ ያ የ40 ሚሊዮን ዶላር ኳርተርባክ በዘመኑ መጨረሻ ላይ በኳስ ተሸካሚነት ተሰልፎ ተጫውቷል። ያን አውቶቡስ ትራምፕ አላቆሙትም። ያቆመው ሀብቱን ሳያጣሩ ሰው የሚያስገቡ፣ ጣሪያ ሲጣስ ዝም የሚሉ ባለቤቶች ጉባኤ ነው።

ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ደግሞ የጋንስሊንገርስ ተጫዋቾች ደረቅ ቼክ ይሰጣቸው ነበር። ደመወዝ በተከፈለ ቀን ሒሳቡ ውስጥ ያለው ለሁሉም ስለማይበቃ ቀድሞ ባንክ ለመድረስ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ጭራሽ ሳይከፈላቸው የቀሩም አሉ።

አሁን ወደ መኸሩ ውሳኔ። ሊጉ ማኪንዚ የተባለውን አማካሪ ድርጅት ቀጥሮ ምን ይሻለናል ብሎ ጠየቀ፤ ድርጅቱ በጸደይ ቆዩ፣ ወጪያችሁን ቀንሱ ብሎ መከረ። ኤቢሲ ከ1986 ጀምሮ በጸደይ ለሚደረጉ አራት የውድድር ዘመናት 175 ሚሊዮን ዶላር፣ ኢኤስፒኤን ለሦስት ዓመት 70 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡ። ኦገስት 22 ቀን 1984 ባለቤቶቹ ያን ሁሉ ትተው ከ1986 ጀምሮ ወደ መኸር እንዙር ብለው ወሰኑ። እዚህ ላይ ትራምፕ ዋና ቀስቃሽ መሆናቸውን አልክድም። ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ የጸደይን ጨዋታ ሲያናንቁ ቆይተዋል፤ ዓላማቸውም ከኤንኤፍኤል ጋር በግድም በውድም መዋሐድ እንደነበረ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ማስረጃውን መርምረው ጽፈውታል። ይህ እውነት ነው፤ አሳፋሪም ነው።

ግን አንድ ባለቤት አንድ ድምፅ ነው ያለው። እጃቸውን ያወጡት ሌሎቹ ሕፃናት አልነበሩም፤ በገበያ ማዕከል፣ በነዳጅ፣ በሪል እስቴት ሀብት ያፈሩ ሰዎች ናቸው። የቺካጎው ኤዲ አይንሆርን ራሳቸው የቴሌቪዥን ንግድ አዋቂ ሆነው መኸርን ይደግፉ ነበር። እምቢ ማለትም ይቻል ነበር፤ የታምፓ ቤይ ባንዲትስ ባለቤት ጆን ባሴት እምቢ ብለዋል። ባሴት በ1974 በወርልድ ፉትቦል ሊግ ውስጥ ቡድን ይዘው ሦስት የማያሚ ዶልፊንስ ኮከቦችን በብዙ ገንዘብ አምጥተው ሊጉ በሁለተኛው ዓመት ሲፈርስ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ስለዚህ በታምፓ በልክ ኖሩ፤ ስታዲየማቸውም ሞቅ ያለ ነበር። በ1984 ለትራምፕ በጻፉት ደብዳቤ ሰው መዝለፉን ካላቆሙ በቡጢ እንደሚሏቸው አስጠንቅቀዋል። በጭንቅላት ካንሰር ታመው በሜይ 1986 አረፉ። ሌሎቹ ባለቤቶች ከባሴት ጋር መቆም ሲችሉ ከትራምፕ ጋር የቆሙት ተታለው አይደለም። ከከሰሩበት በአንድ ጊዜ የሚያወጣቸው አቋራጭ መንገድ፣ ማለትም የኤንኤፍኤል ቡድን ባለቤትነት፣ ስለታያቸው ነው። ሰው ያለ ፍላጎቱ አይታለልም።

የውሳኔው ዋጋ ወዲያው ታየ። በመኸር ከኤንኤፍኤል ቡድን ጋር በአንድ ከተማ መኖር ስለማይቻል ቡድኖቹ ከየከተማቸው መሸሽ ጀመሩ። ያ 60,000 ሰው የሰበሰበው የሚሺጋን ፓንተርስ ከኦክላንድ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። ፒትስበርግ ተዘጋ። በ1984 ዋንጫ የወሰደው፣ የሊጉ ምርጥ ቡድን የሆነው ፊላዴልፊያ ስታርስ ባልቲሞር ስታርስ ተባለ፤ የባልቲሞር ስታዲየም ስላልተገኘለት የሚጫወተው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ ነበር። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንባቢ ቦታውን ያውቀዋል፤ ከባልቲሞር ይልቅ ለዋሽንግተን ይቀርባል። ልምምዱ ደግሞ ፊላዴልፊያ ቀረ። ተጫዋቾቹ በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ በሌላ ከተማ ስም፣ በሦስተኛ ቦታ ተጫውተው በ1985 ዋንጫውን ደገሙት። እነዚህን ሰዎች የሚያወድስ ዘጋቢ ፊልም አላየሁም።

ስለ ሦስት ዶላሩ የሚወራውም ግማሽ እውነት ነው። ክሱ የቀረበው በኦክቶበር 1984 ሲሆን ዩኤስኤፍኤል የጠየቀው ካሳ በፀረ ሞኖፖሊ ሕጉ መሠረት በሦስት ሲባዛ 1.32 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። በችሎቱ ላይ ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ማይክል ፖርተር በ1984 ለኤንኤፍኤል ሰዎች አዲሱን ሊግ እንዴት ማሸነፍ እንደሚቻል የሰጡት ገለጻ ነው። ጁላይ 29 ቀን 1986 የጁሪው አባላት ኤንኤፍኤል ገበያውን በሕገ ወጥ መንገድ በብቸኝነት ይዟል ብለው ፈረዱ። በቴሌቪዥኑ በኩል የቀረበውን ክስ አልተቀበሉም፤ ካሳውንም አንድ ዶላር አደረጉት፤ በሕጉ በሦስት ተባዝቶ ሦስት ሆነ። አንድ የጁሪ አባል ዳኛው ገንዘቡን ከፍ የሚያደርጉት መስሏቸው እንደነበር በኋላ ተናግረዋል። ኤንኤፍኤል ለከሳሹ ጠበቆች ከአምስት ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍልም ተወስኖበታል። እንግዲህ ፍርዱ ሁለት ነገር ነው የሚለው። ኤንኤፍኤል ጥፋተኛ ነው፤ የሊጉ ኪሳራ ግን በአብዛኛው የራሱ ሥራ ነው። ታዋቂው ታሪክ የመጀመሪያውን ረስቶ ሁለተኛውን በአንድ ሰው ላይ ይጭናል። የኤንኤፍኤል ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቁ የትራምፕ ስም ብቻ ቢነሳ ይጠቀማሉ እንጂ አይጎዱም።

ጥፋትን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ የመጫን ልማድ ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። በ2019 በጸደይ የተጀመረው ኤኤኤፍ የተባለ ሊግ ስምንት ሳምንት ተጫውቶ ሲቆም ጥፋቱ ሁሉ ገንዘብ አስገብቶ ባቆመው በአንድ ባለሀብት ላይ ተደፋ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደመወዝ የሚሸፍን ገንዘብ ሳይያዝ ለምን ተጀመረ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። 

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን «የከሸፈ ሊግ» የሚለው ስም ነው። ለማን ነው የከሸፈው? በ1982 መኸር የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች ከሊጉ ገቢ 55 በመቶ ይድረሰን ብለው 57 ቀን ሥራ አቆሙ፤ የውድድሩ ዘመን ወደ ዘጠኝ ጨዋታ አጠረ፤ ዋናውን ጥያቄያቸውን ሳያገኙም ተመለሱ። ያን ጊዜ ተጫዋች ከቡድኑ ወደ ሌላ ቡድን መሄድ በወረቀት እንጂ በተግባር አይችልም፤ የተሰጠውን ይቀበላል፣ ካልሆነ ይተዋል። በማርች 1983 ሌላ በር ተከፈተ። በ1982 በዓመት 90,000 ዶላር ገደማ የነበረው የኤንኤፍኤል አማካይ ደመወዝ ዩኤስኤፍኤል እስኪዘጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የሠራተኛ ማኅበሩ በ57 ቀን ያላገኘውን ተፎካካሪ ቀጣሪ በሦስት ዓመት አመጣው። ባለቤቶቹ ኪሳራ የሚሉት ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ብዙው የሄደው ለሠሩት ሰዎች ነው።

ሳም ሚልስ ቁመቱ 1.75 ሜትር ብቻ የሆነ ላይንባከር (የመከላከል ተጫዋች) ነበር። የኤንኤፍኤሉ ክሊቭላንድ አጭር ነህ ብሎ አሰናበተው፤ ካናዳም ሄዶ ተመለሰ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ስታርስ ተቀበለው። አሠልጣኙ ጂም ሞራ በ1986 ወደ ኤንኤፍኤሉ ኒው ኦርሊንስ ሲሄዱ ይዘውት ሄዱ፤ በ2022 ስሙ በፕሮፌሽናል ፉትቦል የክብር አዳራሽ ተጻፈ። በዚያው ሊግ የተጫወቱት ኮከቦች ሬጂ ዋይት፣ ጂም ኬሊና ስቲቭ ያንግ ያለ ዩኤስኤፍኤልም ይታወቁ ነበር። ሚልስን ግን ማንም አያውቀውም ነበር።

ዳግ ዊልያምስ ደግሞ ለኤንኤፍኤሉ ታምፓ ቤይ ባካኒርስ ኳርተርባክ ሆኖ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ለጥሎ ማለፍ አብቅቷል። በ1982 የተከፈለው 120,000 ዶላር ነው፤ ከሊጉ ቋሚ ኳርተርባኮች ሁሉ ያነሰ ነበር። የሌሎች ቡድኖች ተጠባባቂዎች እንኳ ከእሱ በላይ የሚያገኙ ነበሩ። ጥቁር ኳርተርባክ ማየት ብርቅ በሆነበት በዚያ ዘመን የሚገባውን ሲጠይቅ የቡድኑ ባለቤት እምቢ አሉት። ወደ ኦክላሆማ አውትሎስ ሄደ፤ በአሪዞናም ተጫወተ። ሊጉ ሲዘጋ ዋሽንግተን በተጠባባቂነት ወሰደው። ጃንዋሪ 31 ቀን 1988 ሳን ዲዬጎ ላይ በተደረገው ሱፐር ቦውል ዋሽንግተን ዴንቨርን 42 ለ10 ሲያሸንፍ ዊልያምስ በሁለተኛው ሩብ ብቻ አራት የንክኪ ግብ ኳሶችን አቀበለ፤ የጨዋታው ኮከብም እሱ ተባለ። ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ነው። ከአራቱ ኳሶች ሁለቱን የተቀበለው ከሂውስተን ጋምብለርስ የመጣው ሪኪ ሳንደርስ፣ አንዱን ደግሞ ከጃክሰንቪል ቡልስ የመጣው ጋሪ ክላርክ ነው።